የተሰረቀ ዳታና የጉዳት ትርጉም፦ የፋይናንስ ተቋማት ተገልጋዮች በፍርድ ቤት ያላቸው መንገድ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2017 የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ተሰብሮ የሰዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መወሰዱን ይፋ አደረገ። ሰርጎ ገቦቹ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በሥርዓቱ ውስጥ ቆይተዋል። የገቡበት ቀዳዳ አፓቺ ስትራትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተገኘና አስቀድሞ የታወቀ ጉድለት ነበር፤ መድፈኛው ማሻሻያ በማርች 2017 ቢለቀቅም ድርጅቱ በጊዜው አልጫነውም። የተጎጂዎቹ ቁጥር በመጨረሻ 147 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ኢኩዊፋክስ የሚተዳደረው ከባንኮችና ከሌሎች አበዳሪዎች በሚሰበስበው መረጃ በመሆኑ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ድርጅቱን መርጠው ደንበኛ የሆኑ አልነበሩም።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተጎጂው ምን ማድረግ ይችላል? የተለመደው መልስ መንገዶችን ይደረድራል፤ ክስ፣ ለተቆጣጣሪ አካል የሚቀርብ አቤቱታ፣ የግልግል ዳኝነት፣ የብድር ታሪክን ማሳገድ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ዋናውን ችግር ይሸፍናል። በዳታ ስርቆት ክስ ብዙውን ጊዜ ከባዱ ነገር የተቋሙን ጥፋት ማስረዳት አይደለም። በኢኩዊፋክስ ጉዳይ ጥፋቱ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ምርመራ ሳይቀር ተዘርዝሮ ወጥቷል። ከባዱ ዳኛው «ምን ጎደለብህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ማግኘት ነው። ገንዘብ የተሰረቀበት ሰው ከሒሳቡ የጎደለውን ያሳያል። ዳታው የተሰረቀበት ሰው ግን የሚያሳየው ጉድለት የለውም፤ ሌባው የወሰደው ቅጂ ነውና። ጉዳቱ ነገ ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። የተገልጋዩን መብት የሚወስነው ሕጉ ይህን በሥጋት የመጠበቅ ዘመን እንደ ጉዳት መቁጠሩ ወይም አለመቁጠሩ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ ለተጎጂ የሚመች አይደለም፤ ይሁን እንጂ በተለምዶ ከሚታሰበው የበለጠ በር አለው።

በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከስ ሰው በቅድሚያ ተጨባጭ ጉዳት እንደደረሰበት ማሳየት አለበት፤ መስፈርቱ ከሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ አንቀጽ የመነጨ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በወሰነው የክላፐር ጉዳይ፣ ገና ያልደረሰ ጉዳት ለክስ መሠረት የሚሆነው መድረሱ የማይቀርና የተቃረበ ሲሆን ነው የሚል አቋም ያዘ። ጉዳዩ ስለ መንግሥት የግንኙነት ጠለፋ እንጂ ስለ ባንክ አልነበረም፤ ሆኖም በዳታ ስርቆት የሚከሰሱ ድርጅቶች ዋነኛ ጋሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በትራንስዩኒየንና ራሚሬዝ ጉዳይ መስፈርቱ ይበልጥ ጠበቀ። ትራንስዩኒየን ሌላው ታላቅ የብድር መረጃ ድርጅት ነው። ስማቸው በመንግሥት የማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ሰዎች ስም ጋር የተመሳሰለ ተገልጋዮችን በፋይላቸው ላይ በተጠርጣሪነት ያመላክት ነበር። ከሳሾቹ 8,185 ነበሩ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የተሳሳተው መረጃ ለሦስተኛ ወገን የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ አለ። የቀሩት 6,332 ፋይላቸው ስሕተት ቢኖርበትም ከድርጅቱ ባለመውጣቱ ካሣ የሚያስጠይቅ ተጨባጭ ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባለ።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን ተጽፎ ሳይላክ በጠረጴዛ መሳቢያ ከቀረ ስም አጥፊ ደብዳቤ ጋር አመሳስሎታል። ምሳሌው ለተያዘው ጉዳይ ይስማማ ይሆናል። ለዳታ ስርቆት ግን አይሠራም፤ በዳታ ስርቆት መሳቢያው ተከፍቷል፣ ደብዳቤው ተወስዷል፤ ያልታወቀው ማን እንዳነበበው ብቻ ነው። ከውሳኔው በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በየፊናቸው የተጓዙት ይህን ልዩነት እኩል ስላልተገነዘቡት ይመስላል።

ሕግ አውጪውም ቢሆን ለአሜሪካ ተገልጋይ ሙሉ መሣሪያ አላስታጠቀውም። የፋይናንስ ተቋማት የደንበኞቻቸውን መረጃ እንዲጠብቁ የሚያስገድደው የ1999ኙ ግራም ሊች ብላይሊ ሕግ ተቆጣጣሪ አካላትን ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ተጎጂው በራሱ ክስ እንዲያቀርብ አይፈቅድም። በብድር መረጃ ረገድ ያለው ሕግ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ100 እስከ 1,000 ዶላር የተወሰነ ካሣ ይፈቅዳል፤ ሰርጎ ገብ የሰረቀው መረጃ ድርጅቱ «የሰጠው» ነው ብሎ ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። የተሻለው ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ያዋለችው ሕግ ነው። ተገቢ ጥበቃ ባለመደረጉ ዳታው ለተሰረቀበት ሰው፣ ኪሳራውን ማስላት ሳያስፈልገው፣ ሲወጣ በተወሰነው መጠን ከ100 እስከ 750 ዶላር ይፈቅዳል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «ምን ጎደለብህ?» የሚለውን ጥያቄ ሕጉ አስቀድሞ መልሶለታል።

የኢኩዊፋክስ ተጎጂዎች ያገኙት ሌላ ነገር ነው። በጁላይ 2019 ድርጅቱ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ከተገልጋዮች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮና ከክፍላተ ሀገራቱ ጋር ቢያንስ 575 ሚሊዮን፣ ሊደርስ የሚችለውም እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ስምምነት አደረገ። ኪሳራውን በደረሰኝ የሚያስረዳ ሰው እስከ 20,000 ዶላር ሊጠይቅ ይችል ነበር። ደረሰኝ የሌለውና የብድር ክትትል አገልግሎት ያለው ደግሞ እስከ 125 ዶላር በጥሬው ይሰጠዋል ተባለ። የጋዜጦችን ርእስ የያዘው ይህ 125 ዶላር ነው። ለዚህ ክፍያ የተመደበው ግን 31 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ለ125 ሲካፈል 248,000 ሰው ያዳርሳል፤ ተጎጂዎቹ 147 ሚሊዮን ነበሩ። የጥያቄ ማቅረቢያው ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ የንግድ ኮሚሽኑ ራሱ ጠያቂዎች ከ125 ዶላር እጅግ ያነሰ እንደሚደርሳቸው አስታውቆ ነጻውን የብድር ክትትል እንዲመርጡ መከረ። የቡድን ክሱን ለያዙት ጠበቆች ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው 77.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

በዚህ ንጽጽር ጠበቆቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። ያለ እነርሱ ስምምነቱም አይኖርም ነበር። የክፍያው ማነስ ምንጩ የስርቆቱ ሥጋት በራሱ ዋጋ ስላልተተመነለት ነው። ድርድሩ የተካሄደው በሕግ የተረጋገጠ የጉዳት መጠን ሳይኖር ስለሆነ፣ ያለ ደረሰኝ የቀረበ ተጎጂ ድርሻ በልግስና መጠን ተወሰነ። በስርቆቱ የተጠረጠሩት የቻይና ጦር አባላት የሆኑ አራት ሰዎች በፌብሩዋሪ 2020 በአሜሪካ የወንጀል ክስ ተመሥርቶባቸዋል፤ ከዚህ ክስ ለተጎጂው የሚተርፍ ካሣ የለም።

ሌላው ትምህርት ከስምምነቱ በፊት የሆነው ነው። ድርጅቱ ተጎጂዎች ዳታቸው መሰረቁን የሚያጣሩበትንና ነጻ ክትትል የሚያገኙበትን አገልግሎት ሲከፍት፣ የአጠቃቀም ውሉ ተመዝጋቢው በፍርድ ቤት ፋንታ በግልግል ዳኝነት እንዲወሰንና በቡድን ክስ እንዳይሳተፍ የሚያስገድድ ቃል ነበረበት። በሕዝብ ቁጣ ምክንያት ቃሉ ተነሣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ግን የአሜሪካ ሴኔት፣ በፋይናንስ ውሎች ውስጥ የሚገቡ እንዲህ ያሉ ቃላትን የገደበውን ደንብ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ 51 ለ50 ሻረው። በአሜሪካ የብድር ታሪክ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም በዚህ ሥርዓት ሥር ናቸው፤ ለእነርሱም ቢሆን ፈጣኑ መከላከያ ከክስ ይልቅ ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ያለ ክፍያ የተፈቀደው የብድር ታሪክን የማሳገድ መብት ነው።

አውሮፓ ጉዳዩን በሌላ ዐይን ይመለከተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2023 በቡልጋሪያ የግብር መሥሪያ ቤት ላይ ከደረሰ ስርቆት የተነሣ ጉዳይ ወስኗል። ዳታዬ ወደፊት አላግባብ ይውላል የሚል ሥጋት በራሱ ካሣ የሚገባው የኅሊና ጉዳት ሊሆን እንደሚችል፣ የጥበቃ እርምጃው ተገቢ እንደነበረ የማስረዳት ሸክምም በዳታ ተቆጣጣሪው ላይ እንደሚወድቅ አስቀምጧል። ስርቆት መድረሱ ብቻውን ጥበቃው ደካማ እንደነበረ አያረጋግጥም፤ ከሳሹም ሥጋቱ መሠረት ያለው መሆኑን ማሳየት አለበት። ይህ ሚዛን ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀና ከአህጉራዊው የሕግ ቤተሰብ የተወለደ ነውና።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የሩቅ አይደለም። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ የዕለት ተግባር ሆኗል። የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ ጋር እየተሳሰረ ነው፤ ከቁጥሩ ጀርባ ደግሞ የጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል አለ። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ የተሰረቀ አሻራ አይለወጥም። የኢኩዊፋክስ ዓይነቱን የብድር መረጃ ማኅደር በአገራችን የሚይዘው የብሔራዊ ባንክ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አደጋ ቢደርስ ተጎጂው የሚገጥመው ራሱን ተቆጣጣሪውን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠው የግል ሕይወት መከበር መብት በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዝርዝር ሕግ አግኝቷል። አዋጁ ዳታ ተቆጣጣሪዎች ተገቢ የጥበቃ እርምጃ እንዲወስዱና ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ብዙዎች አዋጁን የሚያነቡት በቅጣቱና በባለሥልጣኑ በኩል ነው። ለተጎጂው ትልቁ ጥቅም ግን ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር ሲጣመር የሚፈጥረው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2035 ግልጽና ዝርዝር የሆነን የሕግ ድንጋጌ የጣሰ ሰው ጥፋት እንደፈጸመ ይቆጥረዋል። ከአዋጁ በፊት ከሳሹ «ጥንቁቅ ባንክ ምን ያደርግ ነበር?» በሚል ክርክር ውስጥ ይዋኝ ነበር፤ አሁን ጥሰቱን በ72 ሰዓት ያላሳወቀ ተቋም በዚያ ብቻ ጥፋተኛ የሚሆንበት መንገድ ተከፍቷል። ሠራተኛው ላጠፋውም ተቋሙ በአንቀጽ 2129 ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ልዩነት አለ። የባንኩ ደንበኛ ከባንኩ ጋር ውል አለው፤ አንቀጽ 2037 ደግሞ የውል አለመፈጸም በውል ሕግ እንጂ ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት እንዳይዳኝ ያደርጋል። ስለዚህ ደንበኛው በመጀመሪያ የሚመለከተው መንገድ የውል ነው። ብድር ጠይቆ የተከለከለው፣ ለዘመዱ ዋስ የሆነው፣ ስሙ በተጠሪነት የተመዘገበው ግን ከባንኩ ጋር ይህ ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ እርሱ የሚከሰው ከውል ውጭ ነው። የአንድ ቀን ስርቆት ሁለት ዓይነት ከሳሽ፣ ሁለት ዓይነት ሕግ፣ ሁለት ዓይነት የይርጋ ጊዜ ይፈጥራል ማለት ነው።

ወደ ጉዳቱ ስንመጣ በሩ ይጠባል። አንቀጽ 2092 ወደፊት የሚደርስ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መድረሱ የተረጋገጠ መሆን አለበት። «የተረጋገጠ» የሚለው ቃል ከአሜሪካው መስፈርት ያልተናነሰ ከባድ ነው፤ የተሰረቀ ዳታ በባሕርዩ ዕድል እንጂ እርግጠኝነት አያመጣምና። የኅሊና ጉዳት በበኩሉ በአንቀጽ 2105 መሠረት ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር በገንዘብ አይካስም። ተከታዮቹ አንቀጾች የፈቀዷቸው እንደ ስም ማጥፋትና በአካል ላይ እንደሚደርስ ጉዳት ያሉ ሁኔታዎች ናቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የዳታ ስርቆትን ማንም ሊያስብ አይችልም ነበር። ቢፈቀድም እንኳ አንቀጽ 2116 የኅሊና ካሣን ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ ወሰን ሲጻፍ አንድ ሺህ ብር ትርጉም ነበረው። ዛሬ ለጠበቃ መነጋገሪያ እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ተጎጂ በእጁ ያለው እውነተኛ የገንዘብ ጥያቄ የወጪ ጥያቄ ነው፤ ሒሳብ ለመቀየር፣ መታወቂያና ካርድ ለማሳደስ፣ ከሥራ ቀርቶ በየመሥሪያ ቤቱ ለመመላለስ ያወጣው። ፍርድ ቤቶች እነዚህን የደረሱ ቁሳዊ ጉዳቶች አድርገው ለመቀበል የሚያግዳቸው ድንጋጌ የለም። «ማንም አላስገደደህም፣ በፍርሃት ነው ያወጣኸው» የሚለው የተከሳሽ መከራከሪያ አይጸናም፤ በተሰበረ በር ላይ አዲስ ቁልፍ የሚያስገጥም ሰው ሌባ ተመልሶ እስኪመጣ እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ሕግ የለምና። ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ማሳወቂያው የደረሰበትን ቀን መጻፍ፣ ለባንኩ የቀረበን ጥያቄ በጽሑፍ ማድረግ በዚህ ምክንያት ከማንኛውም የሕግ ክርክር ይቀድማል።

ከዚህ ይልቅ ችላ የተባለው አንቀጽ 2121 ነው። ፍርድ ቤቱ ከሳሹን የሚጎዳ ድርጊት እንዳይፈጸም ወይም እንዲቆም ማዘዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ መስፈርቱም ድርጊቱ ሊፈጸም እንደሚችል ለማመን በቂ ምክንያት መኖሩና የሚያሠጋው ጉዳት በገንዘብ ካሣ የማይታረም መሆኑ ነው። እርግጠኝነትን አይጠይቅም። ተቋሙ የማያስፈልገውን የቀድሞ ደንበኞች ዳታ ይዞ መቆየቱን እንዲያቆም ወይም ያልተደፈነ ሥርዓትን መጠቀም እንዲተው በዚህ አንቀጽ መጠየቅ ይቻላል። የአሜሪካው የትራንስዩኒየን ውሳኔ እንኳ፣ ለካሣ በሩን ሲያጠብ፣ የወደፊት ሥጋት ለእገዳ ትእዛዝ መሠረት ሊሆን እንደሚችል አልካደም።

ይርጋው ደግሞ ወጥመድ ነው። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ የደረሰው ዳታው በተሰረቀበት ቀን ነው ከተባለ፣ በሦስተኛው ዓመት በስሙ ብድር የተወሰደበት ዋስ ክሱ ገና ሳይወለድ ሞቷል። ጉዳቱ የደረሰው ብድሩ በተወሰደ ቀን ነው ከተባለ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ለሥጋቱ ካሣ መጠየቅ አይችልም። ተቋማት በመጀመሪያው ዓመት «ጉዳት ገና አልደረሰም»፣ በሦስተኛው ዓመት «ጉዳቱ ድሮ ደርሷል» ብለው እንዲከራከሩ መፍቀድ ፍትሕ አይደለም። ፍርድ ቤት ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት አለበት፤ የተሻለው እያንዳንዱን አላግባብ አጠቃቀም የራሱ ይርጋ ያለው አዲስ ጉዳት አድርጎ መውሰድ ነው። የባንኩ ደንበኛ በውል ሕግ የዐሥር ዓመት ይርጋ ሲያገኝ ዋሱ ሁለት ዓመት ብቻ ማግኘቱም ከመርሕ አንጻር የሚከላከሉለት ልዩነት አይደለም፤ ከሁለቱ ስለ ዳታው አያያዝ የመደራደር ዕድል ያልነበረው ዋሱ ነው።

በመጨረሻ የቁጥር ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ለጥቂት ሺህ ብር ወጪ ብሎ ባንክ አይከስም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸውን ሰዎች ወክሎ መክሰስን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚወከሉት ሁሉ መስማማታቸው ለፍርድ ቤቱ መረጋገጥ አለበት። ለአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች የመሬት ክርክር ይህ ይሠራል። በመላ አገሪቱ ለተበተኑ አንድ ሚሊዮን የሞባይል ገንዘብ ተጠቃሚዎች አይሠራም። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2021 በሎይድና ጉግል ጉዳይ፣ በአባላቱ ፈቃድ ላይ ያልተመሠረተ የዳታ ውክልና ክስ ለካሣ አይሆንም ብላለች፤ ስለዚህ መሰናክሉ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም።

የተወሰነ ካሣ ባንኮችን ያከስራል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰው አምስት መቶ ብር እንኳ ለሚሊዮን ደንበኞች ሲባዛ አነስተኛ ባንክን ሊያናጋ ይችላል፤ የባንኩ መናጋት ደግሞ ቆጣቢውን ያንኑ ሰው ይጎዳል። ተቃውሞው የሚያስገድደው ግን ጣሪያ ማበጀትን እንጂ ካሣን መከልከልን አይደለም። በአዋጁ መሠረት በሚወጡ ዝርዝር ሕጎች፣ ጥሰቱን በ72 ሰዓት ያሳወቀና ጥበቃው ተገቢ እንደነበረ ያስረዳ ተቋም ከተወሰነው ካሣ ነጻ ቢሆን፣ የደበቀው ብቻ ቢከፍል፣ ሸክሙ የሚያርፈው በተሰረቀበት ላይ ሳይሆን ስርቆቱን በሸሸገው ላይ ነው። ለዚህ የአንቀጽ 2116ን የአንድ ሺህ ብር ወሰን ማሻሻል አያስፈልግም፤ ካሣው የኅሊና ጉዳት ተብሎ ሳይሆን የማሳወቅ ግዴታ ጥሰት ውጤት ሆኖ ከተደነገገ ወሰኑ አይነካውም።